የፖምፓው ምስጢርና የመስከረም ሠርግ

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል ትጥላለች ይባላል። ይህ ትንሽ ተጋኗል፤ አስኳሉ ገና ለጋ ነው። ስለ መካኒኩ ስለ አዛናው የሚወራው ግን አልተጋነነም፤ እንዲያውም ተቀንሶለታል። ከኮኪት እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው የሰሊጥ አገር አንድ ትራክተር ጧት አልነሳም ብሎ የለገመ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ጠጋ ብሎ «አዛናውን እንዳልጠራልህ!» ካለው ያለ ቁልፍ ይነሳል ይሉ ነበር።

ካልተነሳም አዛናው ይጠራል። ይመጣና ቱታውን እስከ ወገቡ አውርዶ፣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ቀና ይልና በዙሪያው የተኮለኮሉትን ሠራተኞች አየት አድርጎ፣ «በሉ እስኪ፣ ሂዱና ሻይ አምጡልኝ» ይላል። ሻዩን ይዘው ሲመለሱ ትራክተሩ እንደ ንብ ቀፎ እየዘመረ ይቆያቸዋል። አዛናውም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ይቆጣል።

ይህን ነገር አዛናው አልፈጠረውም፤ የሙያው ወግ ነው። እሱም ቢሆን በጎረምሳነቱ ከዳባት ለሰሊጥ አረም ወርዶ፣ ወገቡ እንደ ማጭድ ሲጎብጥበት አረሙን ትቶ ኮኪት ላይ ኪዳን የሚባል ሱዳን ገዳሪፍ ሠርቶ የመጣ አሮጌ መካኒክ ዘንድ ተቀጠረ። ኪዳንም የናፍጣው ፖምፓ ተፈቶ እንደገና ሲገጠም፣ ከሞተሩ ጋር ሰዓቱ የሚስማማበት ዋናዋ ደቂቃ ስትደርስ «ሻይ!» ይል ነበር። አዛናው ከጋራዡ እስከ ሻይ ቤቱ ከመመላለሱ የተነሳ መንገዱ መሐል ቦይ ወጣለት፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይወርድበት ነበር ይላሉ። ምስጢሩን በመጨረሻ ያገኘው በቆርቆሮው አጥር የሚስማር ቀዳዳ አጮልቆ ነው። ከሻይ ቤቱ ምልልስ ደግሞ የባለቤቷን ልጅ አሰበችን አገኘ። በሁለቱም አልከሰረም።

የከሰረው በሌላ ነው። ፖምፓ የሚያስማማ ሌላ ሰው ባለመኖሩ የአዛናው ስልክ ዕረፍት አታውቅም። የራሱን ሠርግ ግማሹን ብቻ ነው ያየው፤ ግማሹን አሰበች ነግራዋለች። የበኩር ልጁ መስከረም ጎንደር ላይ ስትመረቅ ስሟ ሲጠራ ያዳመጠው ትራክተር ሥር ተጋድሞ፣ በስልክ ነው። ሲያጨበጭብ የያዘው መፍቻ ግንባሩ ላይ ወደቀ። ጠባሳው አሁንም አለ፤ «የምርቃቷ ማስታወሻ ነው» ይላል።

አሁን መስከረም ልታገባ ነው። ቀኑ የተቆረጠው ለግንቦት ማለቂያ፣ የሰኔ ፆም ሳይገባ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ያ ሰሞን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እርጥብጥብ አድርጎት፣ በቆላው ያለ ትራክተር ሁሉ እንደ ጉንዳን የሚወጣበት ነው።

«አባዬ፣ ስማኝ» አለችው መስከረም። «ሐሙስ ከዳሱ ተነስተህ ጋራዥ የሄድክ እንደሆነ እኔም ሙሽራውን ትቼ እከተልሃለሁ። በቬሎዬ። ግራሶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርጌልህ ነው የምመለስ።»

«ኧረ ልጄ፣ በስመ አብ!»

«አታደርገውም ብለህ ሞክረኝ።»

አዛናው ልጁን ያውቃታል። የምትለውን ታደርጋለች፤ በዚህ በእናቷ ነው የወጣችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፉ የሚመጣው ነጭ ቬሎ ለብሶ፣ ግራሶ ተቀብቶ ሆነ።

አዛናው የሚሠራበት ገንዳ ውሃ ዳር ያለው የገበሬዎቹ ማኅበር ጋራዥ በዚያ ዓመት አዲስ ኃላፊ መጥታለት ነበር። ውባንች ትባላለች፤ ከፍኖተ ሰላም የመጣች፣ ስትናገር የጎጃም ቅላጼዋ ማር የሚያንጠባጥብ ሴት ናት። ከእርሷ በፊት የነበረው ኃላፊ በቁጣ ነበር የሚመራ፤ ሲጮህ የቆሙ ሞተሮች ይነሱ ነበር፣ የተነሱት ደግሞ ይጠፉ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው ማስታወቂያ መለጠፍ ይወድ ስለነበር ግድግዳው በወረቀት ብዛት ወፍሮ በሩ አልዘጋ ብሏል።

ውባንች በመጣች ማግስት በልኳ ቱታ አሰፋች። ከዚያ ሠራተኞቹን ሰብስባ፣ «ምን ሠራችሁ?» ትለናለች ብለው ሲጠብቁ፣ «በዚህ ሳምንት ምን አዲስ ነገር ተማራችሁ?» ብላ ጠየቀች።

እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቀው አያውቁም። በመጨረሻ ምላሱ እንደ ሞተር ቺንጋ የሚሽከረከረው ስሜነህ፣ «እኔ በበፊቱ አለቃ ጊዜ ዝም ማለት ተምሬ ነበር» አለ። «አሁን እየረሳሁት ነው።»

«እርሳው» አለች ውባንች። «ሙሉ በሙሉ እርሳው።»

ቅዳሜ ጧት በሩን አስዘግታ ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ሁሉንም አስቀመጠች። ደንቡ አንድ ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ ያበላሸ ሰው ያንኑ ያበላሸውን ያስተምራል። ቁጣ የለም፣ ደመወዝ አይነካም። የመጀመሪያዋ አስተማሪ ራሷ ሆነች። ለትራክተር ብላ ያስመጣችው ቺንጋ የወፍጮ ሆኖ ተገኝቶ ነበርና፣ ቺንጋውን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቆመችና ነጋዴው እንዴት እንዳሞኛት፣ ቁጥሩ የት ላይ እንደሚነበብ፣ እርሷ ደግሞ የት ላይ እንዳነበበች አስረዳች። ሠራተኞቹ በአለቃ ይሳቅ እንደሆነ አላወቁም። ስሜነህ ቀድሞ ሳቀ። ሁሉም መብረቅ ይወርድበት እንደሆነ ጠበቁ። አልወረደም። ከዚያ የሳቁት ሳቅ የኒሟን ቅጠል አራገፈው።

ከዚያ ወዲያ ስህተት ክብር ሆነ። ሰው ያበላሸውን ነገር እንደ ሜዳልያ ይዞ ይሰለፋል። ስሜነህ ምንም ያላበላሸበት ሳምንት አጋጥሞት፣ የጓደኛውን ስህተት የኔ ነው ብሎ ተከራክሮ በሽማግሌ ነው የተለያዩት። ነገር ግን አንዱ የሠራውን ስህተት ሌላው ሲደግመው አይታይም ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደሞዝ ግን አንድ ቅዳሜ ሰማያዊ ትራክተራቸውን ነድተው መጡና የተዘጋውን በር በቡጢ ደበደቡት።

«ሰው ትራክተሩን አቁሞ እናንተ ዛፍ ሥር ተረት ታወራላችሁ? ምን ዓይነት ሥራ ፈትነት ነው!»

ውባንች ከፍታ አስገባቻቸው። «ጋሽ ደሞዝ፣ እርሻዎ ላይ ሳሉጉ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ፣ ለአጨዳ ከደጋ ወርዶ፣ ማጭዱን ለመሳል ቁጭ ሲል ሥራ ፈታ ይሉታል?»

አቶ ደሞዝ አፋቸውን ከፈቱ። ገበሬ ናቸው፤ በዶለዶመ ማጭድ የታጨደ ሰሊጥ እንዴት እንደሚረግፍ ያውቃሉ። አፋቸውን ዘጉና የዘይት ቆርቆሮ ገልብጠው ተቀመጡ። ያን ቀን ስለ ፊልትሮ ተማሩ። የራሳቸውን ትራክተር ፊልትሮ በየስንት ጊዜው ይቀይሩ እንደነበር ሲጠየቁ፣ «ይቀየራል እንዴ?» ብለው የዕለቱን ሽልማት ወሰዱ።

አዛናው ብቻ አንድም ቀን አላስተማረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ ትራክተር ሥር ገብቶ እንደሚሠራ ሰው መፍቻ እያንኳኳ ያዳምጣል። ና ሲሉት «እኔ ስህተት የለኝም» ይላል። ውባንችም አትገፋውም። ሁልጊዜ ግን አንድ ባዶ ቆርቆሮ ለእሱ ገልብጣ ታስቀምጣለች።

ሠርጉ ሲቃረብ አዛናው ቢሮዋ ገባ። «ወይዘሮ ውባንች፣ ለሐሙሱ ፈቃድ ስጪኝ።»

«እኔማ ሰጥቼዎታለሁ ጋሼ አዛናው። ትራክተሮቹስ ሰጥተውዎታል?»

አዛናው ባርኔጣውን በእጁ ውስጥ አዞረ።

«ስልክዎ የጮኸ እንደሆነ ማን ይሄዳል?» አለችው።

«እኔ ነኛ። ፖምፓ የሚያውቅ ማን አለ?»

«እኔ እንዲያስተምሩ አላዝዎትም» አለች ውባንች። «ታዞ የሚያስተምር ሰው ግማሹን ነው የሚያስተምረው። ግን እነሆኝ፣ እኔም አላውቀውምና እኔን ያስተምሩኝ። ያ ጓሮ የቆመው ቀዩ አሮጌ ትራክተር የመማሪያ ይሁን፤ የፈለገ ያበላሸው፣ የሞተ ነው፣ ሁለት ጊዜ አይሞትም። ሰዓቱንም እኔ ከሥራ ሰዓት እሰጣለሁ፤ ማንም ከምሳው አይቆርስም።»

አዛናው ባርኔጣውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ለአሰበች እንኳ ያልነገራትን ነገረ። «ካወቁት በኋላ እኔ ምን እሆናለሁ? ማን ይጠራኛል?»

«ለሠርግ ይጠሩዎታላ» አለች ውባንች። «ሰው ሆነው፣ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው የሚበሉ።»

ቅዳሜ ቀዩን ትራክተር ከበው ቆሙ። አዛናው ጉሮሮውን ጠረገ። የፖምፓውን አፈታት አስረዳ፤ የቧንቧዎቹን ተራ አስረዳ፤ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ አስረዳ። ያቺ ዋናዋ ደቂቃ ስትደርስ አንደበቱ በልማድ አመለጠው።

«በሉ እስኪ፣ ሂዱና ሻይ አምጡልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አዛናውም ምን እንዳለ ገባውና ጆሮው ድረስ ቀላ። ውባንች ግን ጎንበስ አለችና ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ሁለት ፔርሙዝ አወጣች።

«ሻዩ መጥቷል ጋሼ፤ ስኳሩም ገብቶበታል። ይቀጥሉ።»

ማምለጫ የለም። ቀዳችለት። አዛናው አንድ ጊዜ ፉት አለ፣ ላቡን ጠረገ፣ ተናገረው። የምልክቷን መስመር አሳየ፤ ከመስመሯ በኋላ ፖምፓውን በፀጉር ስፋት ማዞር፣ ካቻቢቴውን ጆሮ ላይ ማድረግ፣ ድምፁ ሲለወጥ ማቆም። አለቀ። ሻዩ ገና አልተጋመሰም ነበር።

«ይኸው ነው?» አለ ስሜነህ። «ጋሼ፣ በዚህች ነው እግሬ እስኪነቃ ያመላለሱኝ? ሻይ ቤት ብከፍት ይሻለኝ ነበር!»

ሁሉም ሳቁ፤ የአዛናው ልብ ግን ወደቀች። ስንት ዓመት እንደ ታቦት የጠበቃት ነገር አንድ ስኒ አልሞላችም። ምስጢሯ ትንሽ መሆኗ ነበር ምስጢሩ።

ከኮሌጅ የመጣችው ቀልጣፋዋ መካኒክ ስርጉት እጅጌዋን ሰብስባ ሞከረች። ቀዩ ትራክተር ጥቁር ጭስ ተፋ፤ የጎረቤት ዶሮ መሽቷል ብላ ቆጥ ላይ ወጣች። ደገመች፤ ባሰ። ስሜነህ ሞከረ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ተኩሶ የስሜነህን ኮፍያ ኒሟ ላይ ሰቀለው። አዛናው ደረቱ ውስጥ የወደቀችው ልብ ቀስ ብላ ስትነሳ ተሰማው። ቃሉን ሰጥቷቸዋል፤ ጆሮውን ግን ገና አልሰጣቸውም። ጆሮ ደግሞ እንዴት ይሰጣል?

«ጋሼ፣ ሲያዳምጡ ምን ይሰማዎታል?» አለች ውባንች።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ኪዳንም፣ ራሱም። አዛናው ጆሮውን አሸት አደረገ። «እንደው ለነገሩ … አሰበች ስትቆጣ ቃሏን ቁርጥ ቁርጥ ታደርገዋለች። ቅር ሲላት ደግሞ ከጥርሷ መሐል ታፏጫለች። ደስ ሲላት ቃሉ ሁሉ ተያይዞ ይንቆረቆራል። ሞተርም እንደዚያው ነው።»

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ተከፈተ። የመስመርና የምልክት ትምህርት ያልሰጣቸውን ጆሮ አሰበች ሰጠቻቸው። ጋራዡ ሙሉ ሲጮህ ይውላል፦ «አሰበች ተቆጥታለች፣ ወደ ግራ!» «ኧረ አሁን እያፏጨች ነው፣ መልስ!» «ተማም፣ ልክ ነው! አሰበች ሳቀች!» አዛናውም እየተሯሯጠ እጃቸውን ያቀናል፤ ሲያቀና ራሱ ሳያስበው ያደርግ የነበረውን ነገር ለምን እንደሚያደርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባው ጀመር። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን አሰበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ትራክተር አደረግኸኝ?»

«እኔ እኮ ለትምህርት ነው …»

«ገበያ ላይ ሰው ሁሉ ስስቅ ጆሮውን ያቆማል! ስሜነህ ምን አለኝ? ‹እትዬ፣ ዛሬ ሰዓትዎ ተስማምቷል።›»

አዛናው ባርኔጣውን ሰቀለ። ቃሏ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እንደነበር ግን አስተውሏል።

ረቡዕ ሌሊቱን ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ሐሙስ ጧት የአገሩ ትራክተር ሁሉ ተነስቶ መሬቱ ይርገበገባል። አዛናው ጥቁር ሱፉን ለብሶ መጀመሪያ ወደ ጋራዥ ሄደ፤ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ሳይጠየቅ ለውባንች ሰጣት። ወደ ሠርጉ ሲመለስ ኪሱን እየዳበሰ፣ እንደ ተነቀለ ጥርስ ቦታው ባዶ ሆኖበት ነበር።

ዳሱ ሞልቷል። ሚዜዎቹ ገቡ፣ ተዘፈነ፣ ተጨፈረ። መስከረም ልትሄድ ስትል እናትና አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ አባቷን ጉልበቱን ሳመች። እንግዳው ሁሉ ለ«አሜን» ተዘጋጀ። አዛናው እጁን ዘረጋ፤ «ልጄ፣ ውለጂ ክበጂ» ብሎ ጀመረ።

ከከተማው ዳር፣ ከጋራዡ በኩል አንድ ትራክተር ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ።

ሌላው ሰው አልሰማውም፤ አዛናው ግን የአቶ ደሞዝ ሰማያዊ መሆኑን አውቋል፣ ፖምፓው መሆኑን አውቋል። እግሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ፤ ጫማው ወደ በሩ ዞረ። ልጁ ጉልበቱ ላይ ያደረገችው እጅ ጠበቅ አለ።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ። «ቬሎው ነጭ ነው።»

ሞተሩ ጠፋ። አዛናው ትንፋሹን ያዘ። ዘፋኙም፣ ቄሱም፣ ወጥ አማሳዮቹም ፊቱን እያዩ ትንፋሻቸውን ያዙ። ሞተሩ እንደገና ተነሳ፤ እየተቆራረጠ።

«አሰበች ተቆጥታለች» አለ አዛናው ሳያውቀው።

«ገና አልተቆጣሁም» አለች አሰበች አጠገቡ። «ተነስና ግን እይ።»

አልተነሳም። ጫማውን በዓይኑ መለሰው፣ እግሩንም ከጫማው ጋር። ሞተሩ አፏጨ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቃሉ ተያይዞ መንቆርቆር ጀመረ፣ አዛናውም ትከሻው ከጆሮው ወረደ። ሞተሩ ግን በዚያ አላቆመም፤ ይባስ ብሎ ለሰለሰ፣ ጠራ፣ አዛናው ራሱ አንድም ቀን አድርሶት ወደማያውቀው ድምፅ ደረሰ። መጀመሪያ ደረቱን ወጋ አደረገው። ቀጥሎ የውስጥ ማሳከክ የመሰለ ነገር መጣ፤ ምን አድርገው ነው? በመጨረሻ ፊቱ በሙሉ ፈገግ አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንግዶቹ ለልጁ መስሏቸው አብረው አለቀሱ። ለልጁም ነበር።

ምርቃቱን ቀጠለ። «ዘራችሁ እንደ ሰሊጥ ይብዛ!» «አሜን!» «የሚወጣችሁ ይግባ፣ የሚገባችሁ አይውጣ!» «አሜን!» የተጋመሰ ነገር ብቻ ሲያይ የከረመ ሰው መጨረስ ምን እንደሚጣፍጥ ቀመሰውና ማቆም አቃተው። ከጎተራ ወደ በረት፣ ከበረት ወደ ጉድጓድ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ዝናብ ሄደ። ሚዜዎቹ ከአንድ እግር ወደ ሌላው ዞሩ። ወጡ ቀዘቀዘ፣ ተሞቀ፣ እንደገና ቀዘቀዘ።

በዚህ መሐል ውባንች፣ ስሜነህና ስርጉት ከነቱታቸው ብቅ አሉ። አዛናው ምርቃቱን በመሐል ቆረጠው።

«ስርጉት! ያ የመጨረሻው ምን ነበር? እኔ ያላስተማርኩሽ ነገር አለበት!»

«ስህተት ነበር ጋሼ» አለች ስርጉት፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። «ደግሜ ሞክሬው ሠርቷል። ቅዳሜ አስተምራለሁ።»

«አሁን ንገሪኝ!»

«እርስዎም እንደኛው ቆርቆሮ ገልብጠው ይቀመጣሉ» አለ ስሜነህ።

«ኧረ ልጆቼ፣ ለአባት እንዲህ ይደረጋል? ውባንች፣ እዘዣቸው!»

«ጋሼ፣ ልጅዎ እንደተንበረከከች ናት» አለች ውባንች።

አዛናው ወደ ታች አየ። መስከረም በሁለት እጇ ጉልበቱን ይዛ፣ ከቬሎዋ ውስጥ ቀና ብላ ታየዋለች። የሙሽራው ታላቅ ወንድም መኪናው መዘግየቱን በምልክት ያሳያል።

«አባዬ» አለች መስከረም፣ ሳቋን መያዝ እያቃታት፣ «እንድትቀመጥ ነው እንጂ የለመንኩህ እንድትሰነብት አይደለም። ጉልበቴ አለቀ እኮ።»

«ዝም በይ!» አለ አዛናው፤ ሱፉን አስተካክሎ እጁን እንደገና እየዘረጋ። «ገና የልጅ ልጆቼ ጋ አልደረስኩም።»